ይመለሳል ብሎ ነበር

ጤናዬ ገብረወልድ ናዝሬት ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረ የዓሣ መሸጫ ትሠራ ነበር። ዓመቱ ሰባ ዘጠኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ስላልመጣላት ያገኘችው ሥራ ይኸው ነበር። ከቆቃና ከዝዋይ የሚመጣው ዓሣ ጠዋት ይራገፋል፤ ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ይደረደርና የተከሰከሰ በረዶ ይነሰነስበታል። በጾም ሰሞን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። በፍስክ ግን ሱቁ ጭር ስለሚል ጤናዬ በርጩማዋን ደጃፉ ላይ አውጥታ የሚያልፉትን ጋሪዎች ስታይ ትውላለች።

ኡርጌሳ የመጣው እንዲህ ባለ ጭር ያለ ቀን ነው። ረጅም፣ ቀጠን ያለ ወጣት ነበር። ሰጋቱራ የተሞላ ጆንያ በትከሻው ይዟል። ዓሣዎቹን ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም።

«በረዶ ትሸጣላችሁ?» አላት።

«የምንሸጠው ዓሣ ነው።»

«ዓሣውን አልፈልገውም። በረዶውን ብቻ።»

ጤናዬ ከበርጩማዋ ተነሣች። «ድግስ አለብዎት?»

«ድግስ አይደለም። ለፍየል ነው።»

የሚያሾፍባት መሰላት። ፊቷን ቋጠር አደረገች። «ፍየሏ ሞታ እንዳትሸት ነው?»

«ኧረ በሕይወት አለች» አለና እንደማፈር ብሎ ሳቀ። «ከእኔ ይልቅ ደህና ነች።»

በረዶውን የሰጠችው ለሳቁ ስትል ነው። ጆንያው ውስጥ ሰጋቱራውን ከፈት አድርጎ በረዶውን እንደ እንቁላል በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ መልሶ ሸፈነው፤ አመስግኖ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና መጣ። ከዚያ በኋላ መምጣቱን የሚያቆመው ጠፋ።

ቀስ በቀስ ማንነቱን አወቀች። የሁሩታ ገበሬ ልጅ ነው። በነጻ ትምህርት ቡልጋሪያ ሄዶ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ተመልሷል። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአሰላ መንገድ በሚገኝ ትንሽ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ይሠራል።

«ጣቢያው ማቀዝቀዣ የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«ማቀዝቀዣስ አለው። የሌለው መብራት ነው።»

«ፍየሏን ታዲያ በበረዶ ምን ያደርጓታል?»

ኡርጌሳ ጆንያውን አስቀመጠ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ መላ ሰውነቱ እንደሚነቃ ጤናዬ ያን ቀን አየች።

«በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብቱ ሁሉ ሲያልቅ የቆላ ፍየል እንዴት እንደተረፈች ታውቂያለሽ? ቀናት ሙሉ ተጠምታ ትቆይና ውኃ ስታገኝ የሚበቃትን ያህል ጠጥታ ታቆማለች። ውኃው ገና ከሆዷ ሳያልፍ፣ ደሟ ውስጥ ሳይገባ ታቆማለች። ‹በቃሽ› የሚላት ማን ነው?»

«ማን ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው። አንገቷ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ። እንደ ስልክ ሽቦ ነው፤ የሆዷን ወሬ ወደ ጭንቅላቷ የሚወስደው እሱ ይመስለኛል። ብቆርጠው ማወቅ እችላለሁ፤ ፍየሏ ግን ተበላሸች ማለት ነው። ስለዚህ አቀዘቅዘዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ወሬው ይቋረጣል። ሲሞቅ ይመለሳል።»

«እንዳለ ይመለሳል?»

«እንዳለ። ምንም እንዳልሆነ።»

ጤናዬ አላመነችውም። «ካላየሁ አላምንህም» አለችው፤ «አንተ» ብላ የጠራችውም ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ሰምተውታል።

በሚቀጥለው እሑድ ወሰዳት። ጣቢያው ሁለት የቆርቆሮ ቤትና በግራር የታጠረ በረት ነው። ፍየሏ ነጭ ሆና ጆሮዋ ጥቁር ነው፤ አንገቷ ላይ የጨርቅ መቀነት መሳይ ታስሮላታል። ለቱቦ የተቀደደው ቁስል ድሮ ድኗል። ከጨርቁ ሥር ነርቩን አቅፎ የሚዞር ቀጭን ቱቦ አለ፤ በበረዶ የቀዘቀዘ አልኮል የሚፈስበት።

ኡርጌሳ ለተጠማችው ፍየል ውኃ አቀረበላት። ጠጣች፤ ቀና አለች፤ ከንፈሯን ላሰች፤ ዞር ብላ ሄደች። በሌላ እሑድ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ቅዝቃዜው እየፈሰሰ አቀረበላት። ጠጣች፤ ጠጣች፤ ቀና ሳትል ጠጣች። መጨረሻ ላይ ባልዲውን ራሱ ነጠቃት። ጤናዬ የፍየሏን የተነፋ ሆድ ዳሰሰች።

«አያማትም?»

«አያማትም። መርካቷን አታውቅም እንጂ አያማትም። ቆይ እይ።»

ቱቦውን አሞቀው። ፍየሏ ማመንዠክ ጀመረች። ያችው ፍየል በሳምንቱ ጠጥታ በልኳ አቆመች። ጤናዬ ፍየሏን ትታ እሱን ታየው ነበር። በረቱ አጥር ላይ ተደግፎ፣ ፀሐዩ ፊቱን እየመታው፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎታል።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ አውቆባቸው ነበር። ሲመሽ በአስፋልቱ ዳር ይሄዳሉ፤ ጭማቂ ቤት ይቀመጣሉ። እሱ ስለ ሁሩታ ስንዴ፣ እሷ ስለ ደንበኞቿ ጠባይ ያወራሉ። ከወሬው መካከል ዝም የሚሉበት ጊዜ እየበዛ መጣ፤ ዝምታውም አያስጨንቃቸውም።

እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን ቅር ብሏቸው ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሁለቱን ልጆቻቸውን ጠላ ጠምቀው ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ስንት የሰው ሐኪም ባለበት አገር የፍየል ሐኪም» ይሉ ነበር። ቢሆንም በሩን አልዘጉበትም። ኡርጌሳ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል፤ እሳቸውም «ተው ልጄ» ይሉታል።

«ለፋሲካ አባቴን ከነሽማግሌዎቹ አመጣለሁ» አላት አንድ ቀን። ጤናዬ እጁን ይዛ እስከ ቤቷ በር ሄደች፤ ከዚያ በፊት ሰው እያያት እጁን ይዛ አታውቅም።

ጥር ላይ ወንድሟ ሰብስቤ ከሰሜን ግንባር ተመለሰ።

ሰብስቤ በብሔራዊ ውትድርና የሄደ፣ ከጤናዬ በሁለት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው። የቀኝ እጁን ሁለት ዳር ጣቶች ጥይት ወስዷቸዋል። ቁስሉ ድኗል፤ የጦሩ ሐኪሞች ከመረመሩት በኋላ ወደ ክፍሉ ይመለስ ወይም ይሰናበት እስኪወስኑ ቤቱ እንዲቆይ ተፈቅዶለታል። ነገር ግን በሌሉት ጣቶች ቦታ እሳት አለ። ራሱ የሚለው እንዲያ ነው፤ «ፍም ላይ አስቀምጠውታል» ይላል። ነጠላ ቢነካው ይጮኻል። እጁን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያነጋል። የሰጡት ክኒን ምንም አልፈየደለትም። አረቄ ጀመረ።

ጤናዬ ስታየው ውላ ስታየው ታድራለች። አንድ ቀን ኡርጌሳ በረዶውን ሊወስድ ሲመጣ ጆንያውን ያዘችበት።

«ወሬውን የሚወስደው ነርቭ አይደል ያልከኝ? ሕመምም ወሬ ነው አይደል?»

ወዲያው ገባው። ራሱን ነቀነቀ። «ጤናዬ፣ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም።»

«ሲሞቅ ይመለሳል ብለኸኛል።»

«በፍየል ነው ያልኩሽ። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ ፈቃድ አለ፣ ሐኪም አለ…»

«ለፍየል የተደረገ ለወንድሜ ይነፈጋል?»

ኡርጌሳ ጆንያውን ባዶውን ይዞ ሄደ። ለቀናት አልመጣም። ሲመጣ የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ክርኑን አሳያት። ቆዳው ቀላ ብሏል።

«እዚህ ጋ፣ ክርን ስትመቺ የሚነዝርሽ ቦታ አለ አይደል? ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ጎረቤቷ የሚሄደው ነርቭ እዚህ ነው ከቆዳው ሥር የሚያልፈው። ቱቦም ቢላም አያስፈልግም። በራሴ ላይ እየሞከርኩት ነበር።»

በረዶ በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ክርኑ ላይ አሰረ፤ መዳፉን ባንኮው ላይ ዘረጋላት። «ፊቴን አዞራለሁ። ትንሿን ጣቴን ንኪያት።»

ነካችው። «ታውቀዋለህ?»

«አዎ።»

ቆይታ ደግማ ነካችው። «አሁንስ?»

«እየራቀ ነው።»

ደግማ ነካችው። መልስ አልሰጠም። ጣቱን በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ አሻሸችው፤ ግድግዳውን እያየ ነበር። እንደያዘችው እንደማያውቅ ተረዳች። ጎንበስ ብላ ጣቱን ሳመችው። አላወቀም።

በረዶውን ፈታ። ሁለቱም ጠበቁ። ጣቱን አልለቀቀችውም።

«አሁን አወቅኩት» አለ በመጨረሻ፤ ዞር ብሎም አያት። «ይዘሽኛል።»

«ቆይቻለሁ ከያዝኩህ» አለችው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወደ ቤታቸው መጣ። ሰብስቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጥርጣሬ ያየዋል። ወይዘሮ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመው ያማትባሉ። ኡርጌሳ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልሎ ክርኑ ላይ አደረገለት፤ ቆዳውን እየዳሰሰ፣ «ቀረ? አሁንስ?» እያለ ጠበቀ። ጥቂት ቆይቶ የሰብስቤ ትከሻ ወረደ። ጥርሱን ነክሶ የኖረበት መንጋጋ ተፈታ።

«ጠፋ» አለ። እጁን ወደ ዓይኑ አቀረበው። «እትዬ፣ ጠፋ እኮ።» ደግሞ ሳቀ፤ ሲስቅም እንባው ይፈስ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ የኡርጌሳን ራስ ይዘው ሳሙት። ከዚያ ቀን ወዲያ የፍየል ሐኪም ብለውት አያውቁም።

ሕመሙ ግን ተመለሰ። ኡርጌሳ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ዳሩ ግን ሰብስቤ አሁን ያለ ሕመም መኖር ምን እንደሚመስል ቀምሷል፤ የተመለሰው እሳት ከበፊቱ የከፋ ሆነበት። ኡርጌሳ በሳምንት ሁለቴ እየመጣ ያደርግለታል። ከዚያ በላይ አልፈቀደም፤ እሱ ራሱ ከሌለም አይደረግም አለ። «ቅዝቃዜው ከልኩ ካለፈ ነርቩ ይጎዳል። በረዶው ጨርቅ ይኑረው፤ ከዚህች ቆይታ በላይ እንዳይቀመጥ። ጨው እንዳይገባበት፤ ጨው ያለበት በረዶ ሥጋ ያቃጥላል።» ይህን ሲል ሰብስቤ አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

መጋቢት ላይ የኡርጌሳ አባት ታመሙና ሁሩታ ሄደ። ሳምንቱ አለቀ፤ አልተመለሰም። ሰብስቤ ጠበቀ፤ ከዚያ መጠበቅ አቃተው።

«ትንሽ በረዶ ብቻ» አላት። «እንዴት እንደሚደረግ አይቻለሁ። እትዬ፣ በአባታችን አጥንት።»

ጤናዬ እምቢ አለች። በማግስቱም እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ሱቁ ድረስ መጣ፤ ደንበኛ ፊት አለቀሰ። ወታደር ነው፤ ሰው ያየዋል። ጤናዬ በረዶ ሰጠችው። «በጨርቅ» አለችው፤ «ጥቂት ብቻ።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ተመለሰች፤ የዐቢይ ጾም ነበርና ዓሣው ይጠበቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ ሰብስቤ ተኝቷል። የአረቄው ጠርሙስ ከአልጋው ሥር ነው። ክርኑ ላይ በረዶው በቀጥታ ታስሯል፤ ከዓሣ መሸጫው ጨውም ይዞ ኖሯል፤ ቶሎ እንዲያደነዝዘው ብሎ ነው። ቆዳው ነጭ ሆኖ ደርቋል። ስትፈታው አልነቃም።

ሲነቃ ሕመም የለም። ግን እጁም የለም። የቀሩትን ጣቶቹን መዘርጋትም መግጠምም አቃተው፤ አውራ ጣቱ ማንኪያ እንኳ ቆንጥጦ መያዝ አልቻለም። ጣቶቹ እንደ ወፍ ጥፍር ታጠፉ። ቢጠብቁት፣ ቢያሞቁት አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም።

የጦሩ ሐኪሞች የቀጠሩት ቀን ከፋሲካ በፊት ነበር። እጁን አገላብጠው አዩት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሁለት ጣት ብቻ ነበር የጎደለው፤ ቀላል ሥራ ላይ ሊመደብ ይችል ነበር። አሁን ቃታ መሳብ ቀርቶ ቁልፍ መቆለፍ አይችልም። ክርኑ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩ። ተያዩ። «ይህን ማን አደረገው?» አሉ። ጉዳዩ ወደ ቀበሌ ተላከ።

በዚያን ጊዜ ግንባር ላለመመለስ ብሎ አካሉን ያጎደለ ወታደር ምን እንደሚጠብቀው ያልሰማ አልነበረም።

ኡርጌሳ ይህን ሰምቶ ከሁሩታ ገሰገሰ። መጀመሪያ የሰብስቤን እጅ አየ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ጤናዬን ግን አልወቀሳትም። ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ተነጋገሩ።

«ምን ልትያቸው ነው?»

«አላውቅም።»

«እውነቱን እንናገር። ሕመም ያለበት ሰው አረቄ ጠጥቶ ተኛ፤ አደጋ ነው። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ስለ ነርቩም አስረዳቸዋለሁ።»

«ያምኑሃል?»

«ያምኑኛል» አለ፤ ግን ዓይኑ አብሮት አላለም።

ማታ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከጤናዬ እግር ሥር ተንበረከኩ። «ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው» አሉ።

በማግስቱ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ገሠሠ መሐል ተቀምጧል፤ ግራና ቀኙ ሁለት የጦር ሰዎች አሉ። ሰብስቤ እጁን በእጁ ይዞ ቆሟል። ኡርጌሳ ተጠርቶ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እህቱ አንቺ ነሽ?» አላት ጓድ ገሠሠ። «እጁን ራሱ አበላሽቶት ከሆነ ጉዳዩ የእኛ አይደለም፤ ለእነዚህ ጓዶች እናስረክባለን። ሌላ ሰው ከሆነ ግን ተናገሪ። ማን ነው?»

ሰብስቤ አፉን ከፈተ። ጤናዬ ቀደመችው።

«ኡርጌሳ ነው» አለች። «የምርምር ጣቢያው ሠራተኛ። በበረዶ ሲያደነዝዘው ነበር።»

ያለችው ሁሉ ሆኗል። እጁ የተበላሸበት ቀን ኡርጌሳ ሁሩታ እንደነበረ ግን አልተናገረችም። የዚያን ቀኑን በረዶ ማን እንደሰጠውም የጠየቃት የለም፤ እሷም አላነሣችውም።

ጓድ ገሠሠ ወደ ኡርጌሳ ዞረ። «እውነት ነው?»

ኡርጌሳ አላየውም፤ ጤናዬን ነበር የሚያየው። እሷ ወለሉን አየች። ሲሚንቶው ላይ የተሰነጠቀ መስመር ነበር፤ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ቀረች።

«እውነት ነው» አለ ኡርጌሳ። «እኔ ነኝ።»

«ፈቃድ ነበረህ?»

«አልነበረኝም።»

«ቁስለኛ ጀግናችንን እንደ ፍየል መሞከሪያ አደረግከው ማለት ነው።»

ኡርጌሳ ወደ ሰብስቤ ዞረ። «ነርቩ አልተቆረጠም» አለ። «በቀን የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሞላም እድገቱ፤ ከክርን እስከ ጣት ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ግን ይመለሳል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

ሰብስቤ ተሰናበተ። ኡርጌሳ ታሰረ። ጤናዬ አንድ ቀን ምግብ ቋጥራ እስር ቤቱ በር ድረስ ሄዳ ነበር። በሩ ላይ ሕመም ገና ያልለቀቃቸው የገጠር ሽማግሌ ትንሽ መሶብ ይዘው አፈር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው የኡርጌሳ ዓይን ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየቻቸው፤ የቋጠረችውን ይዛ ተመለሰች። ክረምት ሲገባ ኡርጌሳ ከእስር ወጥቶ ምዕራብ አገር ወዳለ የሰፈራ ጣቢያ በከብት ሐኪምነት ተመደበ ሲባል ሰማች። ሳይሰናበታት ሄደ። እንዴትስ ብሎ ይሰናበታታል?

በሰማንያ አንድ ክረምት፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን፣ ሰብስቤ ቁርስ ሲበላ በድንገት እጁን አተኩሮ አየ። «እትዬ» አላት። አውራ ጣቱ ዳቦውን ቆንጥጧል። ከዚያ ሌሎቹ ጣቶች ቀስ በቀስ ተከተሉ። ያ እሳትም እየከሰመ ሄዶ እንደ ተራ ቁርጥማት ሆነ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው በእጃቸው ከደኑት። እጁ መዳኑ ከተሰማ ሰብስቤ እንደገና ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ደበቁት። ቤት ውስጥ እንጨት ይፈልጥበታል፤ ደጅ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፤ ሰው ሲጨብጥ ግራውን ይሰጣል።

ጤናዬ ለኡርጌሳ ልትልክበት ፈለገች። የሰፈራ ጣቢያውን ስም ታውቃለች፤ ወደዚያ የሚሄድ ሾፌርም አግኝታ ነበር። «ወሬ ይወጣል» አሉ እናቷ። እውነታቸውን ነው፤ ይወጣ ነበር። ተወችው።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ሰብስቤ እጁን ከኪሱ አወጣ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ የሚፈራ ነገር አልነበረም፤ ጤናዬ ግን አሁንም አልላከችም። ምን ብላ ትጀምር? ጠዋት «ዛሬ» ትላለች፤ ማታ ዓሣ የነካ እጇን በሎሚ እየታጠበች «ነገ» ትላለች። ለጋብቻ የጠየቋት ነበሩ፤ መለሰቻቸው።

በቀጣዩ ኅዳር አንድ የሁሩታ እህል ነጋዴ ዓሣ ሊገዛ ገብቶ፣ በወሬ መካከል፣ ታሞበት ስለዳነለት በሬ አነሣ። ያከመው ከሰፈራ የተመለሰ ኡርጌሳ የሚባል ሐኪም ነው አላት።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። መልካሳን፣ ደራን አልፋ ሁሩታ ስትደርስ የገበያ ቀን ነበር። ከከብት ተራው አጠገብ፣ በአንድ የጭቃ ቤት ደጃፍ አገኘችው። የአህያ ሰኮና ይዞ ጎንበስ ብሏል። ጠጉሩ በጎንና በጎኑ ሸብቷል። ቀና ሲል አያት፤ ሰኮናውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ጤናዬ» አለ።

በርጩማ አወጣላት። ከውስጥ አንዲት ቀይ ሴት ሕፃን አዝላ ብቅ አለች። «ባለቤቴ ወለተሥላሴ» አለ፤ «እዚያ ሳለሁ ነው የተጋባነው። የወሎ ልጅ ነች።» ወለተሥላሴ እጅ ነሣቻትና ጠላ በጣሳ አቀረበችላት፤ ከዚያ ሁለቱን ትታ ገባች። ጤናዬ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

«ጣቢያውስ?» አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«የለም። በዚያ ግንቦት የሚሸሸው ጦር ሲያልፍ ፍየሎቹን በላቸው። ሰውም ርቦት ነበር።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሰብስቤ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ወንጂ ነው። መጋዘን ጸሐፊ ሆኗል።»

«ጎበዝ። በግራ እጁ መጻፍ ለመደ ማለት ነው።»

ጤናዬ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «በቀኝ እጁ ነው የሚጽፈው።»

ኡርጌሳ የሰማው አልመሰለም። ከገበያው የበሬ ግሳት ይሰማል።

«መቼ?» አለ።

«በሰማንያ አንድ ክረምት ነው የጀመረው። በጥቅምት ሙሉ ሆነ።»

«በሰማንያ አንድ።» በልቡ ቆጠረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው። «እኔ ያኔ…» አለና ተወው። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። «እዚያ ሰፈራ ጣቢያ ሐኪም አልነበረም። አንድ ሰው ገጀራ ክንዱን ቆርጦት መጣ፤ እንድሰፋለት። እኔ የሰው ገላ ላይ እጄን አላሳርፍም ብዬ መለስኩት። የሰብስቤን እጅ አይቻለሁ፤ አበላሽቻለሁ፤ አልኩ። በኋላ ቁስሉ መግሎ ክንዱ ተቆረጠ። ይህ የሆነው በሰማንያ ሁለት ነው።»

ጤናዬ ልትናገር ሞከረች። «ፈርተን ነበር። መልሰው እንዳይወስዱት…»

«ይገባኛል።»

«ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።»

«እሱም ይገባኛል።» ድምፁ ቁጣ የለበትም። ቢቆጣት ትመርጥ ነበር። «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያልሽውን ድሮ ትቼዋለሁ፤ ወንድምሽ ነው። ግን እንደተመለሰ፣ ጤናዬ… አንድ ቃል ብቻ ነበር።»

ሁለቱም ዝም አሉ። ድሮ ዝምታቸው አያስጨንቃቸውም ነበር።

ልትነሣ ስትል፣ «ላየው እፈልጋለሁ» አላት። «እጁን።»

በሳምንቱ ከሰብስቤ ጋር ተመለሰች። ሰብስቤ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ሲደርሱ ሊሰግድለት ጎንበስ አለ፤ ኡርጌሳ ከትከሻው ያዘና አቀናው። ደጃፉ ላይ ብርሃኑ ወዳለበት አስቀመጠው። የክርኑን ጠባሳ በጣቱ ዳሰሰ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አዘረጋው፤ አስገጠመው። በስንዴ አገዳ ጫፍ መዳፉን ነካ ነካ እያደረገ፣ «ይሰማሃል? ይኸስ?» ይላል። ሰብስቤ ዓይኑን ጨፍኖ «አዎ፣ አዎ» ይላል።

«በል ጨብጠኝ» አለው። «አትዘንልኝ፤ አጥብቅ።»

ሰብስቤ በሦስቱ ጣቶቹ ጨበጠው። የኡርጌሳ አንጓ እስኪነጣ ጨበጠው። ኡርጌሳ አንገቱን አቀረቀረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም።

ጤናዬና ወለተሥላሴ ጎን ለጎን ቆመው ያዩ ነበር። ወለተሥላሴ ሕፃኑን ከጀርባዋ አስተካከለች። «ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም» አለች በዝግታ። «ሌሊት ግን እየባነነ ስለ አንድ እጅ ያወራ ነበር። የማን እጅ እንደሆነ ዛሬ ገና አወቅኩ።»

ወደ ናዝሬት ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ሰብስቤ መስኮት ዳር ተቀምጦ የታጨደውን ስንዴ ሲያይ ቆየ። ደራ ሲደርሱ ወደ እህቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ያኔ ሾፌር አግኝተሽ አልነበር? ለምን አልላክሽበትም?»

ጤናዬ «እናታችን ከለከለችኝ» ልትል ነበር። «መንግሥትን ፈርተን» ልትል ነበር። ሁለቱንም አላለችም። ወንድሟ መልስ እየጠበቀ አያት፤ ቆይቶ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። አውቶቡሱ ሰው አራግፎ፣ ሰው ጭኖ፣ ወደ መልካሳ ቁልቁለቱን ያዘ።